የእንጨት ሽታና የአናጢ አፍንጫ
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በመርካቶ በአንዋር መስጊድ ሰፈር የሚያልፍ ሰው የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም። የበርበሬው፣ የዕጣኑና የአዲሱ ቆዳ ሽታ እየተፈራረቀ ይቀበለዋል። የመጋዝ ድምፅ በተሰማበት ደጃፍ ደግሞ የተሰነጠቀ እንጨት ሽታ ይመጣል። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ከተዛወረ ወዲህ፣ በዚህ ሥፍራ ብዙ አናጢ ሙያውን የቀሰመው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባለሙያ ሥር ሆኖ ነው። በዚህ መንገድ ከሚተላለፈው ዕውቀት አንዱ ማሽተት ነው፤ ይሁን እንጂ ከሙያው መሣሪያዎች ጋር ሲቈጠር አይሰማም።

ዛፍ ራሱን ከነፍሳትና ከብስባሴ የሚጠብቅበትን ዘይትና ሙጫ በአብዛኛው የሚያከማቸው በግንዱ ልብ ውስጥ ነው። መጋዝ ሲያልፍበት ተዘግቶ የኖረው ይከፈትና በቀላሉ የሚተነው ክፍል ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህም ነጩ የውጭ ክፍል ሽታው ያነሰ ነው፤ የቆየ ጣውላም ዝም ያለ ይመስላል። ነገር ግን መላጊያ አንድ ጊዜ ቢያልፍበት ሽታው ይመለሳል። ጢስና ዘመን ያጠቆሩት የበር ሳንቃ ከምን እንጨት እንደ ተሠራ የተጠራጠረ አናጢ ጥቂት ልጎ ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአገራችን እንጨቶች ሁሉ በሽታው የሚታወቀው የሐበሻ ጥድ ነው። ልቡ ቀይ፣ ሽታውም አዲስ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ነው። ይህ ያለ ነገር አይደለም፤ በዓለም የእንጨት ንግድ «የእርሳስ ጥድ» የሚል ስም ያሰጠው ለእርሳስ መሥሪያ መዋሉ ነው። ያው ዘይት ምስጥን ስለሚያርቅ የጥድ ቋሚ መሬት ውስጥ ተተክሎ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ልብስም በጥድ ሣጥን ሲቀመጥ ብል አይደፍረውም ይባላል። ዝግባ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቢጫማና ልስልስ ሆኖ ሽታ የለውም ለማለት ይቻላል። በቀይ ቀለም የተነከረ ዝግባ ዓይንን ያታልል ይሆናል፤ አፍንጫን ግን አያታልልም። ዋንዛም ለአፍንጫ ብዙ አይናገርም፤ እርሱ የሚታወቀው በቀለሙና ለመሥራት በመመቸቱ ነው። ወይራ በሥራ ቤት ክብደቱና ጥንካሬው ይጠቀስለታል እንጂ፣ ሽታውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ሲታጠንበት ነው። የባሕር ዛፍ ሽታ የሚባለውም በእውነቱ የቅጠሉ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ተገቢ ሕግ ነበር፤ ደኑ ከመመናመኑ አንጻር ዘግይቷል ቢባል እንጂ በዛ አይባልም። በዚህ መካከል የቁም ሣጥኑንና የአልጋውን ሥራ ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ ወረሱት። እነዚህ ሰሌዳዎች የሚሸቱት ዛፉን ሳይሆን ማጣበቂያውን ነው። በብዛት የሚሠሩበት ሙጫ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ሰሌዳው ሲቈረጥ ዓይንን የሚያቃጥለው፣ ጉሮሮንም የሚከረክረው እርሱ ነው።

ጉዳዩ የሽታ መውደድና መጥላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ጉባኤ ባልቀረበም ነበር። የብሪታንያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት፣ በሃይ ዊኮም አካባቢ በቤት ዕቃ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች ሌላው ሕዝብ እጅግ በጥቂቱ በሚያየው የአፍንጫ ካንሰር ይያዙ እንደ ነበር አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን፣ በ2004 ደግሞ ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት መደብ አስገብቷቸዋል። እንግዲህ ጥድን ከዝግባ የሚለየው አካል ራሱ ቀድሞ የሚጐዳው አካል ነው። የጥድ ሽታ መልካም መሆኑም ብናኙን ንጹሕ አያደርገውም፤ ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ በቤት ውስጥ አየር የፎርማልዴሃይድ መጠን በ30 ደቂቃ አማካይ በሜትር ኩብ ከ0.1 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። አፍንጫ ግን ሚዛን አይደለም። ሽታን ጥቂት ቆይቶ ይለምዳል፤ ሠራተኛውም «ምንም አይሸትም» ሲል የሚናገረው እውነቱን ነው።

በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ የሚነሣውን ደቃቅ ብናኝ አያቆምም። ሰጋቱራን በደረቁ መጥረግም የወደቀውን መልሶ ማስነሣት ነው፤ አስቀድሞ ውኃ ሊረጭበት ይገባል። አቅም ያለው በማሽኑ አፍ ላይ ብናኝ የሚስብ ቱቦ ይግጠም። ሥራውን ወደ ደጅ ማውጣት የሚለው ምክር ደጁ የጎረቤት ደጅ በሆነበት በመርካቶ ብዙም አያዋጣም። ሥራ የጀመረ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ዓይኔን ቈጠቈጠኝ» ሲል ግን፣ የቆዩት መሣቃቸውን ትተው መስኮቱን ይክፈቱ፤ የእርሱ አፍንጫ ገና አልለመደምና።