ሕፃኑ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው

(በአርባ ምንጭ ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከጨንቻ፣ ከዲታና ከቦንኬ ደጋ ወርዳችሁ፣ ከካምባና ከምዕራብ ዓባያ መንገዱን ታግሣችሁ በመካከላችን ስለተገኛችሁ እናመሰግናለን። እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የቤተሰብና የመዋዕለ ሕፃናት ትብብር» የሚል ነው። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ እንደ ሰደዳችሁ እንገምታለን። በየአጥቢያው «ወላጅ ይሰብሰብ» ሲባል በአብዛኛው ቆርቆሮ ወይም አጥር ወይም ወንበር ጎድሏል ማለት ነውና። ዛሬ ስለ መዋጮ አንናገርም። የምንናገረው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ሕፃን ከቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ በር ሲደርስ በመንገድ ላይ ስለሚጥለው ነገር ነው።

«ሕፃን ምን ያውቃል?» ማለት ልማዳችን ነው። በሥራችን ምክንያት በደጋውም በቆላውም ቤቶች ስንዘዋወር ያየነው ግን ሌላ ነው። በዶርዜ አባት በሸማው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲወረውር፣ እናት በእንዝርት ጥጥ ስትፈትል፣ የአምስት ዓመቱ ልጅ አጠገባቸው ክር እየጠቀለለ ያቀብላል። በጥለቱ ላይ ከቀዩ ቀጥሎ የትኛው ቀለም እንደሚገባ፣ ስንት ክር ተቆጥሮ ቀለሙ እንደሚለወጥ ያውቃል፤ አባቱ ቢሳሳት ይነግረዋል። በጓሮው የእንሰቱን ተክል በዕድሜው ለይቶ ያሳያል። ወደ ቆላ ወርደን በጫኖና በላንቴ የሙዝ ማሳ ያለውን ሕፃን ብንጠይቅ፣ የትኛው ዘለላ ለገበያ እንደ ደረሰ፣ የትኛው ሳምንት እንደሚቀረው ይነግረናል። መምህራን በሥልጠና «ቅደም ተከተል»፣ «ምደባ»፣ «ንጽጽር» እያሉ የሚማሩት ሁሉ በዚህ ሕፃን እጅ አለ። ስሙን ግን የሚያውቀው በጋሞኛ ነው።

ይህ ልጅ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ የሚቀበለው «ኤ ፎር ኤፕል» ነው። (በጨንቻ ፖም ስለሚበቅል በዚህ እንኳ ከሌላው አገር ልጅ ዕድለኞች ነን፤ ፍሬውን ቀምሶታል።) ከወር በኋላ መምህርቷ እናቱን በር ላይ ስታገኛት «ልጅሽ አይናገርም፤ ፈዛዛ ነው» ትላታለች። እናት አማርኛው ስለማይቀናት አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ማታ ግን ያው ልጅ በምድጃው ዙሪያ ተረት ያስረዝማል፣ ታላቆቹን ያስቃል። መምህርቷ ይህን አልሰማችም፤ እናቱም መምህርቷ ምን ልትሰማ እንደምትፈልግ አልተነገራትም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ልጅ ያውቃሉ፤ አንዳቸው የሌላውን ግን አያውቁም። ትብብር የምንለው ይህን ክፍተት መዝጋት ነው፤ ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ ቋንቋው ጥቂት እንቆይ፤ በየአጥቢያው ክርክር የሚያስነሣው ይህ ነውና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። በዞናችንም ጋሞኛ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ክፍሎች ይማሩበታል፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሀሁ አለ። የከተማዎቹን የግል መዋዕለ ሕፃናት አይቶ የሚቀና ወላጅ ስላለ እንግሊዝኛም ይጨመራል። ስለዚህ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዓይነት ፊደል ይሸከማል፤ ያው የላቲን ፊደል እንኳ በጋሞኛ አንድ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ድምፅ ይዞ ይመጣበታል። ሸክሙ ለአህያም የሚከብድ ነው።

የእኛ አስተያየት ግልጽ ነው። ጋሞኛ የቤት ቋንቋ በሆነበት አጥቢያ በመጀመሪያው ዓመት ጨዋታው፣ ተረቱ፣ ቁጥሩ በጋሞኛ ይሁን። ሀሁ በሁለተኛው ዓመት በዝግታ ይግባ። እንግሊዝኛው ይቆይ፤ አያመልጥም። እዚህ ከተማ፣ በሴቻና በሲቀላ፣ ልጆች አማርኛን ከአፋቸው ጋር ያደጉበት ቤት ብዙ ነውና ውሳኔው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ልክ ለሁሉ አይሰፋም። «ፊደላችን ሊተው ነውን?» የሚሉን አባቶች አሉ፤ ጥያቄው ከቅንዓት የመነጨ ነውና አናቃልለውም። ነገር ግን በደጋው አጥቢያዎች ስብከቱን በጋሞኛ የምታደርሱ ካህናት ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ምእመኑ ቃሉን በቋንቋው ስለሰማ ከግእዙ ቅዳሴ አልራቀም። በቋንቋው ያልታፈረበት ልጅም ሀሁን ሲቀበል አይሸሽም።

ይህ ሁሉ የቤተሰብ ጉዳይ የሚሆነው ለምንድን ነው? የመማሪያ ቋንቋው ማን ወደ ክፍሉ መግባት እንደሚችል ይወስናልና። በጋሞኛ የሚሠራ ክፍል ውስጥ አያት ገብታ ተረት መንገር ትችላለች። በእንግሊዝኛ የሚሠራ ክፍል ውስጥ አያት የምትችለው በር ላይ መቆም ብቻ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። የቄስ ትምህርት ቤቱን አስታውሱ። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ልጃቸው የት እንደ ደረሰ ያውቁ ነበር። ፊደል ቆጠረ፣ አቡጊዳ ጀመረ፣ መልእክተ ዮሐንስ ገባ፣ ዳዊት ላይ ደረሰ እየተባለ ደረጃው በመንደሩ ሁሉ አፍ ነበረ። ዳዊቱን ሲፈጽም ቤተሰቡ ደግሶ መምህሩን ያመሰግን ነበር። የዱላውንና የጩኸት ንባቡን ነገር መልሰን አንፈልገውም፤ እርሱ ለሕፃናት የሚመች አልነበረም። ነገር ግን ዛሬ ስንት ወላጅ ነው የልጁ መዋዕለ ሕፃናት በዚህ ወር ምን እንደሚያስተምር የሚያውቅ? ቀድሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀው የነበረውን ዛሬ በሪፖርት ካርድ ላይ ጽፈን፣ ካርዱን ማንበብ ለማትችል እናት እንሰጣታለን።

መንግሥትም ቢሆን ይህን አልዘነጋውም። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ መደበኛ የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አራት ምሰሶዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ በሰፊው የታየው ግን በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው «ኦ» ክፍል ነው። ክፍል መክፈት ይቆጠራል፤ ከእናት ጋር መነጋገር አይቆጠርምና።

ከአገራችን ውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። በቱርክ ኢስታንቡል ከገጠር ፈልሰው በፋብሪካ በሚሠሩ እናቶች ሰፈሮች፣ ፕሮፌሰር ቺደም ካትቺባሺና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ እናቶችን በቤታቸውና በቡድን አሠለጠኑ። እናቶቹ ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ተረትን እንዴት በጥያቄ እንደሚያጅቡ ተማሩ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ እናቶቻቸው የሠለጠኑላቸው ልጆች በትምህርት ቤት ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው ተገኙ። ለእኛ ዞን ቁም ነገሩ ይኸው «መቆየት» የሚለው ቃል ነው።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ይገባናል። ሽመና የጋሞ ሕዝብ ክብር ነው፤ አገር የሚለብሰውን የሠራ እጅ ነው። ነገር ግን ከዚህ ደጋ ተወስደው፣ «ትማራላችሁ» ተብለው፣ በአዲስ አበባ በሽሮ ሜዳና በሌሎች ሰፈሮች ጠባብ ቤት ውስጥ ከንጋት እስከ ሌሊት ሸማ ላይ የሚውሉ ሕፃናት ነገር ለዓመታት ሲነገር የቆየ፣ በዚህ አዳራሽም የማያውቀው የሌለ ነው። ደላላው ሲመጣ ልጁ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሊሆነው ይችላል። ውሳኔው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በቤት ውስጥ ሲበስል ኖሯል። «ትምህርቱ አልገባውም፤ ቁጭ ብሎ ከሚውል ሙያ ይልመድ» የሚባለው ስለ ማን ነው? ያ በስድስት ዓመቱ «ፈዛዛ» የተባለው፣ እናቱ በር ላይ አንገቷን የደፋችለት ልጅ ነው። ደላላን የሚከለክል ሕግ አለ፤ ቤተሰብ በልጁ ትምህርት ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚያደርግ ግን ሕግ አይደለም።

እንግዲህ ሰበካ ጉባኤ ምን ይችላል? ብዙ ይችላል፤ መዋቅሩ አስቀድሞ አለውና። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት ያውቃል፤ ቡና ተፈልቶለት ይቀመጣል። የንስሐውን ምሥጢር ከዚህ ጋር አናገናኘውም፤ ነገር ግን «ልጁ ዛሬ ምን ተጫወተ? ምን ነገራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ለማንም የተፈቀደ ነው። አባት በሸማ ሥራ ርቆ ከሆነ የክርስትና አባት አለ። በአርባና በሰማንያ ቀን ጥምቀት ሕፃኑን የተቀበለ ሰው፣ በአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ እጁን ይዞ መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ ቢሄድ አደራውን ተወጣ እንጂ ሌላ ሸክም አልተጫነበትም።

በግቢያችን ያሉት መዋዕለ ሕፃናት ግን የኦርቶዶክሳውያን ልጆች ብቻ የሚማሩባቸው አይደሉም፤ የወንጌላውያንም ልጆች አሉ፤ መኖራቸውም መልካም ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች የንስሐ አባት መንገድ አያደርስም። በእነርሱ ዘንድ የአገር ሽማግሌዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይቅደሙ። የወላጆች ስብሰባም በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ከሚሆን ይልቅ በዱቡሻው ሥርዓት ቢሆን እንመርጣለን። በዱቡሻ ሰው ሁሉ በክብ ይቀመጣል፣ ተራውን ይዞ ይናገራል፣ ያልተናገረ ሳይጠየቅ አይነሣም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበርክከው ከተማችንን ከጥፋት እንዳተረፏት ሁላችንም አይተናል። ያ ሥልጣን የተገኘው ከዱቡሻው ነው። መምህርቷም በዚያ ክብ ውስጥ ከእናቶች ጋር እኩል ትቀመጥ፤ ጠረጴዛና ማይክ አያስፈልግም።

በዚያ ስብሰባ ወላጆች ምን ይሰጣሉ? ሥራቸውን ይስጡ። አንዲት እናት እንዝርቷን ይዛ ትምጣና ልጆች ጥጥ ይንኩ፤ አባት የጥለቱን ክር ያስቆጥር። መምህርቷ ደግሞ በምላሹ አንድ ነገር ወደ ቤት ትላክ፦ «በዚህ ሳምንት የምንማረው ትልቅና ትንሽ ነው፤ በእንሰቱ መካከል ሲሄድ ጠይቁት» ትበል። የሐናን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሳሙኤልን ለዔሊ ሰጥታ አልረሳችውም፤ በየዓመቱ በልኩ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ይዛለት ትወጣ ነበር። በልኩ ለመሥራት ልጁ ምን ያህል እንዳደገ ማወቅ ነበረባት። ሸማኔ ለሆነ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

መምህርቷን ግን አትርሷት። ደመወዟ ትንሽ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቤት ለቤት የምትሄድበትን ከሰዓት በኋላ እንደ ሥራ ቀን ቁጠሩላት፤ «በነፃ ታገልግል» እየተባለ የሚጀመር ነገር ሁለት ወር አይቆይም። ይህን ያህል ወጪ ሰበካ ጉባኤ አያቅተውም።

የመጀመሪያው የወላጆች ቀን መቼ ይሁን ለሚለው የምንመክረው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም የመስቀል ሰሞን ነው። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል፤ በዮ ማስቃላም በአዲስ አበባ ያሉ ሸማኔ አባቶች ወደ አገራቸው ይመጣሉ። በዓመት ውስጥ አባትና እናት፣ መምህርቷና ልጁ በአንድ መንደር የሚገኙት በእነዚያ ቀናት ነው። በዓሉ መስከረም 17 ቀን ነውና ስብሰባውን ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ባሉት ቀናት አድርጉት። ከዚያ በፊት ባሉት እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት አስነግሩ፤ በጋሞኛ ይነገር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አባቶች ወደ ሸማቸው ይመለሳሉና ቀኑን አታሳድሩት።