የሰው ቤት የሚያስገባ ሙያ
በይጁቤ ለማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ምረቃ የተደረገ ንግግር



ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ርእስ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሥነ ምግባርና ተከታታይ ትምህርት የሚል ነው። ሁለቱን ለያይቼ መናገር አልችልም። በዚህ ሙያ ውስጥ ክፉ ሠራተኛ ሰውን ይጎዳል፤ ቅን ሆኖ ያላወቀ ሠራተኛም ይጎዳል። እንዲያውም የኋለኛው ቅንነቱን ስለሚተማመንበት ያጠፋውን ቶሎ አያይም። ስለዚህ ዛሬ የምለምናችሁ መማርን ከሥነ ምግባር ግዴታዎቻችሁ ሁሉ እንድታስቀድሙ ነው።

ሙያው በአገራችን አዲስ አይደለም፤ መሐል ላይ የተቋረጠ ነው። አዲስ አበባ ላይ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር እስከ አብዮቱ ድረስ ባለሙያ ሲያፈራ ቆይቶ በደርግ ዘመን ተዘጋ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ራሱን የቻለ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት አልነበረንም። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ የመጣብን በዚህ መካከል ነው። ወላጆቹን የቀበረ ሕፃን፣ ከቀየው ተነቅሎ ሰፈራ የወረደ ገበሬ፣ ልጇ የት እንደገባ የማታውቅ እናት በበዙበት ሰዓት አገሪቱ ይህን ሙያ የምታስተምርበት ቤት ተዘግቶ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ እንደገና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ጎንደርን ጨምሮ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጣል።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ስለሚያገኛችሁ ነው። ጀማሪ ሐኪም ሆስፒታል ሲገባ ከላዩ ነባር ሐኪም አለ፤ የተሳሳተውን ያርመዋል፣ የፈራውን ያበረታዋል። እናንተ ቀበሌ ስትመደቡ ግን በዚህ ሙያ ያረጀ ሰው ከጎናችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። ሊያስተምራችሁ የሚገባው ትውልድ ሳይሠለጥን ቀርቷል። በመካከል የጎደለውን እርስ በርሳችሁ እየተማማራችሁ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

መማር ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በዚሁ አካባቢ ጉዳይ ላሳያችሁ። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ከመቶ 3.3 ያህሉ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እኛ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት፣ እንዳለባቸው ታይቷል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለረጅም ጊዜ በባዶ እግር ከመሄድ ነው፤ በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው። በጎረቤታችሁ በአነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግርን አዘውትሮ መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ታማሚውን በየጊዜው አልጋ ላይ የሚጥለውን የእግር ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ውኃ፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ ጫማ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ከታማሚው ጋር አብሮ ሲያለቅስ ይውላል።

አሁን ደግሞ ይህን ያወቀ ሠራተኛ አንዲት እናት ቤት ሲገባ ይታያችሁ። ቡና ተፈልቷል፤ ጎረቤት ተሰብስቧል። እሳቸው መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነዋል። ሠራተኛው መዝገቡን ከፍቶ «እናቴ፣ እግርዎን ካመመዎት ስንት ዓመት ሆነ?» ቢል ጥያቄው በጎ ነው። ነገር ግን ልጃቸውን ለወንድሟ ልታጭ የምታስብ ጎረቤት እዚያው ሲኒ ይዛ ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ከዚያች ሰዓት በኋላ ልጅቷን የሚጠይቅ ላይመጣ ነው። ሥራውን የተማረ ሰው መዝገቡን ከቦርሳው አያወጣም። ቡናውን ይጠጣል፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ከብቱ ይጫወታል፤ ጎረቤት ሲበተን ወይም ሌላ ቀን ብቻቸውን ሲያገኛቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። ለታማሚዎች ጫማ ሊያድል መኪናውን በጠራራ ፀሐይ ደጃቸው ላይ የሚያቆምም እንደዚሁ ነው። ጫማ ሰጥቶ የቤተሰቡን ስም አደባባይ ያወጣል።

ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ሥራ ይህንኑ ነገር ከምርምር ወገን ያሳያል። ስለ በሽታው የዘር ጥናት ሲታሰብ ፈቃድ እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ማኅበረሰቡን ጠየቁ። ያገኙት መልስ፣ መገለሉ በፈቃድ አሰጣጡ ላይ ከባድ ጫና እንዳለው ነው። ቤተሰቦች በጥናቱ መግባታቸው ራሱ የታማሚ ዘር መሆናቸውን ይበልጥ እንዳያጋልጥባቸው ይፈሩ ነበር። «ይፈርሙልኝ» ብሎ ወረቀት ማቅረብ ፈቃድ መጠየቅ የሚመስለን ካለን ይህን ሥራ ልናነብበው ይገባል።

ከዚህ የሚከብድ ጉዳይም አለ። ያለ ዕድሜ ጋብቻ። የአማራ ክልላችን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ድርጊቱን ያስቀጣል። ሕጉ ሲጠብቅ ልማዱ መደበቅ ጀመረ። ሰርጉ በሌላ ድግስ ስም ይደገሳል፤ ልጅቷ ስትጠየቅ ዕድሜዋን ከፍ አድርጋ እንድትናገር ትመከራለች። የዛሬ ሃያ ዓመት ሠልጥኖ ከዚያ ወዲህ ያልተማረ ሠራተኛ ዛሬም የሚፈልገው ድንኳንና ከበሮ ነው።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ እንድታነብቡት የምፈልገው በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ፣ ሞሰቦ ቀበሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ብርሃነ ሔዋን የተባለ ሥራ ነው። ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰባሉ፤ ከአካባቢው የተመረጡ ሴቶች ይመሯቸዋል፤ ለትምህርት ቤት የሚያስፈልጋቸው ነገር ይሟላል፤ ከወላጆች ጋር ውይይት ይካሄዳል፤ ሁለት ዓመት ሳይድር ልጁን ላቆየ ቤተሰብ የቤት እንስሳ ይሰጣል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች በትምህርት የመቆየት ዕድላቸው ከፍ ብሏል፤ የመዳር ዕድላቸውም በብዙ ቀንሷል። ከ15 እስከ 19 ባሉት ዘንድ ግን በተቃራኒው ፕሮግራሙ ባለበት ቦታ ያገቡት በልጠው ተገኙ። አጥኚዎቹ ይህን አልደበቁም፤ ከመልካሙ ውጤት ጋር አብረው አተሙት። እኔ ለሙያችን ታማኝነት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ ይህ ይበቃኛል። ለ12 ዓመቷ ልጅ የሠራው ለ17 ዓመቷ እንደማይሠራ የሚያውቀው ሠርቶ የቆጠረ፣ ቆጥሮም የሚያሳፍረውን ቁጥር የጻፈ ሰው ነው።

እናንተ ዘንድ ግን ጉዳዩ በቁጥር አይመጣም። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በእረፍት ሰዓት ትመጣና «ሊድሩኝ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሩ» ትላችኋለች። ምን ትመልሳላችሁ? ካህናት አባቶቻችን በምስጢር መጠበቅ ይበልጡናል፤ የንስሐ አባት የሰማውን ይዞ ወደ መቃብር ይወርዳል። የእኛ ሥራ እንደዚያ ሊሆን አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በልጆች ጉዳይ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ስለዚህ ዝርዝሩን ገና ሳትጀምር «ምስጢርሽን እጠብቃለሁ፤ አንቺን የሚጎዳ ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምነግር አስቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ» በሏት። የማትጠብቁትን ቃል አትስጧት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈጥኖ ፖሊስ ጣቢያ መሮጥ አለ። እርምጃው ሕጋዊ ነው፤ ግን የልጅቷ ስም ሳይመሽ አባቷ ጆሮ ይደርሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ዛሬ ማታ የት ታድራለች?» የሚለው መሆን አለበት። የምትሸሸግበት አክስት አላት ወይ? አባቷ የሚፈራው ወይም የሚያከብረው አጎት ማነው? ርእሰ መምህሩ ምን ያህል ይታመናል? የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ስሟን ሳትጠራ ነገሩን መያዝ ትችላለች? ይህን ሳታስቡ ጋብቻው ቢቋረጥ እንኳ ልጅቷ ቤት ታጣለች፤ ቤት ያጣች ልጅ ከዚህ አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ የሰው ቤት ሠራተኛ ስትሆን ጋብቻውን አስቀረን ብለን ሪፖርት እንጽፋለን። ይህ ዓይነቱ ሪፖርት ያስቆጨኛል።

ስለ ዝምድናም ሳልናገር አላልፍም። ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሠራተኞች ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀው የሥነ ምግባር መርሕ አለ፤ አንብቡት። ባለሙያ ከሚረዳው ሰው ጋር ሌላ ጥቅም ወይም ቅርበት እንዳይኖረው የሚለው ትምህርት ግን በትልቅ ከተማ ቀላል ነው። እዚህ ባሶ ሊበን ወረዳ ውስጥ የምትረዱት ሰው የአክስታችሁ ልጅ፣ የእናታችሁ የማኅበር ጓደኛ ወይም የክርስትና አባታችሁ ሊሆን ይችላል። ከዝምድና መሸሽ አይቻልም፤ መደበቁ ግን ነውር ነው። ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ድሆች በሚመረጡበት ስብሰባ ላይ የዘመዳችሁ ስም ሲነሣ «እሱ ዘመዴ ነው፤ እዚህ ላይ ድምፅ አልሰጥም» ብላችሁ ከመቀመጫችሁ ተነሡ። አንድ ጊዜ ይህን ስታደርጉ ያየ ሕዝብ በሌላው ውሳኔያችሁ ያምናል። በዕለቱ ዘመድ ይቀየማል። መቀየሙን ቻሉት።

ክልላችን ባለፉት ዓመታት ያየውን መከራ እዚህ ያለነው ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አልዘረዝረውም። ለእናንተ የምናገረው ስለ መዝገባችሁ ነው። በሰላም ጊዜ የስም ዝርዝር ወረቀት ነው። በግጭት ጊዜ ግን ማን ወንድ ልጅ እንዳለው፣ ማን ከየት ተፈናቅሎ እንደመጣ፣ ማን ቤት እርዳታ እንደገባ የሚናገር ወረቀት የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የማያስፈልጋችሁን አትጻፉ። የጻፋችሁትን ቆልፉ። በስልካችሁ ያነሣችሁትን የችግረኛ ፎቶ ለቢሮ አሳይቼ አጠፋዋለሁ አትበሉ፤ ከመጀመሪያው አታንሡት። የእርዳታ ዱቄት ተሸክማ ፎቶ የተነሣች እናት ፊቷ በቴሌግራም እንዲዞር ተስማምታለች ብዬ አላምንም። እንቢ ብትል ዱቄቱ እንዳይቀርባት ፈርታ ነው ዝም ያለችው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሥልጠና የሚያልቅ አይደለም። መምህራኑ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አላቸው፤ የጤና ባለሙያዎች የሥራ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ መማራቸውን ማሳየት ይጠበቅባቸዋል። ለማኅበራዊ ሠራተኛው እንዲህ ያለ ሥርዓት ገና ሥር አልሰደደም። ሥርዓቱ እስኪመጣ መጠበቅ ግን ለጎጃም ሰው አይገባም። ይህ አገር የጉባኤ ቤት አገር ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ እየዞረ የሚማር ተማሪ አንዱን መምህር ጨርሶ ተመርቆም ሌላው ዘንድ ወርዶ «ይህን ደግሞ ከእርስዎ ልስማ» ይላል። ማንም በቀለም ድኻ ነው ብሎ አይንቀውም፤ ክብሩ የሚጨምረው በዚህ ነው።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየወሩ አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብሰቡ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የከበደውን ጉዳይ ይዞ ይምጣ፤ ስም አይጠራ፣ ቀበሌ አይጠራ፣ ሰውየውን የሚያስለይ ነገር ሁሉ ይቅር። ሌላው ይጠይቀው፤ ለምን እንዲህ አደረግህ ይበለው። ከይጁቤ ሆስፒታል ነርስ ጥሩ፣ ከፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕግ ጥሩ፣ የእድር ዳኞችን ጥሩ፤ ከእነሱ የምትማሩት በመጽሐፍ የለም። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው በቆላ ቀበሌዎች የሚሠሩት ጓዶቻችሁ በመንገዱ ርቀት እንዳይቀሩ፣ አንዳንዴ እናንተ ውረዱላቸው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ሠራተኛ ደግሞ ሰው ላይ መጮህ ይጀምራል፣ ይህም የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

የወረዳው አመራሮችን ደግሞ በይፋ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ለእነዚህ ልጆች ቁልፍ ያለው ሳጥንና ሰው ብቻውን ገብቶ የሚናገርበት ትንሽ ክፍል ስጧቸው። ባለጉዳይ በተሰለፈበት ኮሪደር ላይ የተደፈረች ልጅ ታሪኳን እንድትናገር ማድረግ ሁለተኛ በደል ነው። ወርኃዊውን ስብሰባም እንደ ሥራ ሰዓት ቁጠሩላቸው፤ «ቢሮ ጥላችሁ የት ዋላችሁ» አትበሏቸው።

ተመራቂዎች፤ ዛሬ ወላጆቻችሁ ደግሰው ይጠብቋችኋል፣ አላቆያችሁም። ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ግን የመጀመሪያው ስብሰባ የሚደረግበትን ቀን ቁረጡ፤ ማን እንደሚመራውም ምረጡ። ቀኑን ስትነግሩኝ እመጣለሁ፤ እኔም የከበደኝን ጉዳይ ይዤ ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ። እንኳን ደስ አላችሁ።