የአንኮበር ሊጥና የአልዩ አምባ ሊጥ

ሐምሌ ገብቶ ጭጋጉ አንኮበር ላይ ሲተኛ ሊጥ አልቦካ ይላል። ባለቤቲቱ ጠዋት ተነሥታ ቡሃቃውን ከፈት ስታደርገው ሊጡ እንደ ማታው ነው፤ ኩፍ አላለም፣ ሽታውም ገና የዱቄት ነው። በጋቢ ጠቅልላ ወደ ምድጃው ታስጠጋዋለች። በሚቀጥለው ቡኮ ደግሞ እርሾውን በዛ ታደርጋለች። ቁልቁለቱን ተወርዶ አልዩ አምባ ገበያ ሲደረስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያው ዱቄትና ያው እርሾ ቆላው ውስጥ ቶሎ ይቦካል፤ ጋጋሪዋ ካልፈጠነችም ይኮመጥጣል።

በዚያ የገበያ መንገድ ላይ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ተዘርግቶ ይገኛል፤ የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት የሚባለው ምዕራፍ።

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ለውጥ እንዲመጣ ደግሞ ሞሊኪውሎች መጋጨት አለባቸው፤ ለስላሳ ግጭት አይበቃም፣ የቆየውን ትስስር የሚበጥስ ጉልበት ያስፈልጋል። ብርድ ይህን ጉልበት ይቀንሳል። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ሙቀትና ፍጥነት የሚገናኙበትን ቀመር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው። በግርድፉ ሲታይ ብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነታቸው ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ሊጥ ውስጥ ግን ሥራውን የሚሠሩት ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ነፍሳት ስለሆኑ ሙቀቱ ልክ አለው፤ ከበዛ ይሞታሉ። ቡሃቃው ምድጃው ጥግ የሚቀመጠው፣ ምድጃው ላይ የማይጣደው ለዚህ ነው። እርሾ መጨመርም የሠራተኛውን ቁጥር ማብዛት ነው፤ ብርዱ የነጠቀውን ፍጥነት ብዛቱ በከፊል ይመልሳል።

የሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ አገር ነውና ጠላውም የሚናገረው አለ። ጠማቂዋ ለአሻሮ የሚሆነውን ገብስ ትቆላለች፤ ብቅሉን ግን በፀሐይ ታደርቀዋለች እንጂ አትቆላውም። ምክንያቱ ጥልቅ ነው። እህል ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰብሩ ኢንዛይሞች ያወጣል። ኢንዛይም አፋጣኝ ነው፤ ሥራውን ያቀለጥፋል፣ ራሱ ግን አያልቅም። የምጣድ እሳት ካገኘው ይበላሻል፤ ያን ጊዜ ስታርቹ ስታርች እንደሆነ ይቀራል፣ እርሾውም የሚበላው ስኳር ያጣል። ፈረንሳውያኑ ፓየንና ፔርሶ ይህን አፋጣኝ ከብቅል ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1833 ሲሆን፣ በታሪክ የመጀመሪያው ተለይቶ የታወቀ ኢንዛይም እርሱ ነው። በዚያ ዓመት አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነግሠው ነበር፤ በግቢያቸው ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች ብቅልን ከእሳት መጠበቅን ከእናቶቻቸው ተምረውታል። ስማቸው በየትኛውም የሳይንስ መጽሐፍ አልሰፈረም፤ ዕውቀታቸው ግን ዕውቀት ነው።

የዚያው ቤተ መንግሥት ሌላው የፍጥነት ትምህርት ባሩድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ሸዋ የገባው ፈረንሳዊው ተጓዥ ሮሼ ዴሪኩር ለንጉሡ ካመጣቸው ስጦታዎች መካከል የባሩድ መፍጫ ይገኝበታል። ንጉሡ ከጌጣጌጥ ይልቅ ለጦር መሣሪያ ነገር ትልቅ ትኩረት ነበራቸው። ጥቁር ባሩድ ከሰል፣ ድኝና ኦክስጅን የሚሰጠው ፖታሲየም ናይትሬት ድብልቅ ነው። ሦስቱ እንደ ጠጠር ተከምረው እሳት ቢነካቸው ተንጫጭተው ይጤሳሉ እንጂ ጥይት አይገፉም። አንድ ላይ ደቀው ሲዋሐዱ ግን የሚነካኩበት ገጽ ይሰፋል፤ የደቂቃው መቃጠል የቅጽበት ይሆናል። ስለዚህ የባሩድ ኃይል ከቅመሙ መጠን ባላነሰ ከወፍጮው ይመጣል። ግንድ ቀስ ብሎ የሚነደውና ጭራሮ ቦግ የሚለውም በዚሁ ሕግ ነው።

ወደ ጓዳ ሲመለሱ ደግሞ ብዙ እንጨት የሚያባክን ነገር አለ፤ ሰፋ ብሎ ሊነገር የሚገባውም እርሱ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ግን የአየሩ ግፊት ስለሚሳሳ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በአንኮበርም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ 9 ዲግሪ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የባቄላውን መብሰል ወደ ግማሽ ፍጥነት ሊያወርደው ይችላል። የደጋ ንፍሮ እንጨት ጨርሶም ጥሬ ጥሬ የሚለው በባቄላው ጥፋት ብቻ አይደለም።

ብዙ ቤት በዚህ ጊዜ እሳቱን ይጨምራል። አይጠቅምም። አንዴ የፈላ ውሃ፣ በዝግታ ቢንተከተክም ቢንፈቀፈቅም፣ ሙቀቱ ያው ነው፤ የተጨመረው እንጨት እንፋሎት ብቻ ያመርታል። የሚጠቅመው ግፊትን መጨመር ነው። ፕሬዠር የሚባለው ድስት እንፋሎቱን አፍኖ ውሃውን በደጋም ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። እርሱ በሌለበት ቤት ባቄላን ከዋዜማው መዘፍዘፍ፣ መከካት የሚችለውን መክካት፣ ድስቱንም መክደን ብዙ ይረዳል፤ የራሰና የተከፈለ ፍሬ ውሃና ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ ይገባለታል።

እንግዲህ አድማጮች፣ ለነገ ንፍሮ ያሰባችሁ ካላችሁ ባቄላውን ዛሬ ማታ ዘፍዝፉት። ነገም ድስቱ መንተክተክ ሲጀምር ከምድጃው ሁለት ፍልጥ አውጡና ለሌላ ቀን አስቀምጡ።