ከዕድር መዝገብ እስከ ብሎክቼን



ስለ ብሎክቼን መጻኢ ዕድል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ በኮልፌ ቀራንዮ ያየሁት አንድ የዕድር መዝገብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሒሳቡን እንድመረምር ተጠርቼ ሳገላብጥ፣ የአንድ ሟች አባል ስም በምላጭ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፎበት አገኘሁ። ዳኛው አላየሁም አሉ፤ ጸሐፊው ቀድሞም እንዲህ ነበር አለ። የሟቹ ባለቤት ግን በየወሩ ሲከፈል መኖሩን ከመናገር በቀር በእጃቸው ማስረጃ አልነበራቸውም። መዝገቡ አንድ ብቻ ነበርና።

አበው ይህን ሥጋት ያውቁት ነበር። በጥንታውያን አድባራት የርስትና የጉልት ስጦታ በወርቅ ወንጌል ገጽ ላይ ከምስክሮች ስም ጋር ይጻፍ የነበረው፣ ፋቂው ቅዱስ መጽሐፍን ለመፋቅ እንዲገደድ ነው ብዬ አስባለሁ። ሀበርና ስቶርኔታ የተባሉ ሊቃውንት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰነዶችን በቁጥር አሻራ ማሰር እንደሚቻል አሳዩ፤ ከ1995 ጀምሮ አሻራው በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ይታተም ነበር። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ገጽ የቀደመውን ገጽ አሻራ ይይዛል፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ተከታዩ ሁሉ ይፋለሳል፤ ቅጂውም በብዙዎች እጅ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይፋቅ እንዴት ይታደሳል የሚል ነው። ኤቴርየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የስምምነት ሥርዓቱን ከሥሩ ሲለውጥ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ የቀደመው መዝገብ ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። ተለማጭ መሠረት ማለት ይህ ነው።

በአገራችን የትምህርት ሚኒስቴር አይ.ኦ.ኤች.ኬ. ከተባለው ድርጅት ጋር በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ዕቅድ በ3,500 ትምህርት ቤቶች 5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የሚመለከት ነበር። ስለ ቁጥሩ ብዙ ተባለ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰንሰለቱ ወይም ድርጅቱ ቢለወጥ የተማሪው የምስክር ወረቀት በሌላ መሠረት ላይ ሊረጋገጥ ይችላልን?

ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ባለመረጃው ስሕተቱ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስለዚህ ስምና ውጤት በሰንሰለቱ ላይ ሊጻፉ አይገባም፤ በባለቤቱና በትምህርት ቤቱ እጅ ይቆዩ፤ ወደ ሰንሰለቱ የሚሄደው አሻራቸው ብቻ ይሁን። እሱም ቢሆን ስምና የልደት ቀን በግምት ስለሚደረስባቸው ምስጢራዊ ቁጥር ተቀላቅሎበት መሆን አለበት።

ጸሐፊው ከመጀመሪያው ሐሰት ከጻፈ ግን ሰንሰለቱ ሐሰቱን ጠብቆ ያኖራል። ለኮልፌው ዕድር የመከርሁት በዚህ ምክንያት ቀላል ነገር ነበር፦ የወሩ ገጽ በስብሰባ ላይ በንባብ ይሰማ፣ ሦስት አባላትም በስልካቸው ፎቶ ያንሡት። ይህን ያደርጋሉ። የእኒያ እናት ጉዳይ በሽማግሌዎች ታይቶ የሚገባቸው ግማሹ ተከፈላቸው፤ የቀረው እስከ ዛሬ አልተከፈለም።