ስለ ቤት ኮምፒዩተር አፕዴትና አያያዝ ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ኮምፒዩተር ጥቂት እናገራለሁ። ይህ የወጣቶች ጉዳይ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን የእድራችን የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮው፣ የዕቃው ዝርዝር፣ ድንኳኑና ወንበሩ ድስቱም ሳይቀር፣ ዛሬ የሚገኘው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሊት በ9 ሰዓት የሟች ቤተሰብ በር ሲያንኳኳ ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን ከፍቶ በቤተሰቡ ስንት ሰው እንደ ተመዘገበ፣ መዋጮው እስከ የትኛው ወር እንደ ተከፈለ፣ ምን ያህል ገንዘብ ወጪ እንደሚሆን ማየት አለበት። ታዲያ በዚያች ሰዓት ኮምፒዩተሩ «አፕዴት እያደረግሁ ነው፣ አታጥፉኝ» እያለ ቢሽከረከርስ? ወይም ጭራሹን በቫይረስ ተቆልፎ ቢገኝስ? የመጀመሪያውን ፈርተን አፕዴቱን ብንዘጋው ሁለተኛውን እንጠራለን። ስለዚህ መዝጋት ሳይሆን ሰዓቱን መምረጥ ነው የሚያስፈልገው፤ የመጣሁትም ይህንኑ ለመናገር ነው።

አፕዴት ምንድነው? በመሥሪያ ቤት የሠራን ሰዎች ሰርኩላር የሚባለውን እናውቃለን። ደንብ ታትሞ ይወጣል፤ በኋላ ቀዳዳ ይገኝበታል፤ አንዱ ብልጥ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ አበል ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ ያን ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርኩላር መጥቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሰርኩላሩን በመሳቢያ ከቶ የተቀመጠ ቅርንጫፍ ግን በቀዳዳው መዘረፉን ይቀጥላል። እንዲያውም ይብስበታል፤ ሰርኩላሩ ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደሆነ ሌባው ሁሉ ያነባል።

ይህ በእውነት የደረሰ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት የተባለው የዊንዶውስ ባለቤት በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ያህል አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ። ለማስለቀቂያም መጀመሪያ 300 ዶላር፣ ከዘገየ 600 ዶላር ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሐኪም ቤቶች ተቸግረው ወደ 19 ሺህ የሚጠጋ የሕመምተኛ ቀጠሮ ሳይሰረዝ እንዳልቀረ ተገምቶአል። መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት በነጻ ተሰጥቶ ነበር እኮ! አፕዴቱን የተቀበለ ኮምፒዩተር በዚያ ቀዳዳ አልተደፈረም።

በእኛ ዘንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ «ኢንተርኔትህን እንዳይበላብህ አፕዴቱን ዘግቼልሃለሁ» ተብሎ ይመለሳል። ልጆቹ በክፋት አይደለም፤ ፓኬጅ በገንዘብ ነው የሚገዛው፣ አፕዴት ደግሞ ሳይጠይቅ ይበላዋል። ግን በሩ እንዳይንኳኳ ብሎ ቁልፉን ነቅሎ መሄድ ነው። የተዘጋባችሁ እንደሆነ ለማየት የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ አይ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ፤ ሴቲንግስ ይከፈታል። እዚያ ዊንዶውስ አፕዴት በሚለው ውስጥ መጨረሻ የተመረመረበት ቀን ተጽፎአል። ብዙ ወር ካለፈው አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ የዘጋውን ሰው እንዲከፍተው ንገሩት።

የኢንተርኔት ወጪውን ለመቆጠብ ሌላ መንገድ አለ። በሴቲንግስ ውስጥ የምትጠቀሙበትን ዋይፋይ ከፍታችሁ ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሩት። በቆጣሪ የሚከፈልበት መስመር ነው ማለታችሁ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ፈቃድ ከማውረድ ይታቀባል፤ እናንተ ግን ቀን ቆርጣችሁ ዳውንሎድ የሚለውን መጫን አለባችሁ። አብርቶ መርሳት ከመዝጋት አይለይም። የወሩ ዋና አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆች ወር በሁለተኛው ማክሰኞ ሲሆን ለእኛ ማክሰኞ ማታ ይደርሳል። በበኩሌ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቅዳሜ እመርጣለሁ። አልፎ አልፎ አፕዴቱ ራሱ እንከን ይዞ ይወጣልና፣ ጥቂት ቀን ሲቆይ እንከኑ ይሰማል። በቤታችሁ ሁለት ኮምፒዩተር ካለ ደግሞ ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን በሚለው ውስጥ በአንድ ቤት ያሉት እንዲካፈሉ ፍቀዱ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው ከእርሱ ይወስዳል። በኢንተርኔት ላይ ላለ ለማያውቁት ሰው እንዲያካፍል የሚለውን ግን አትምረጡ፤ ፓኬጃችሁን ለመንገደኛ ማጠጣት ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። አክቲቭ አወርስ የሚባል ሴቲንግ አለ። «በነዚህ ሰዓቶች ሥራ ላይ ነኝና አጥፍተህ አትነሣ» ብሎ ማዘዝ ነው፤ እስከ 18 ሰዓት ድረስ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት በእርሱ 8 ነው፤ 6 እየጨመራችሁ አስቡ። በፈረንጅ ከጠዋቱ 6 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ብላችሁ ብትሞሉ በእኛ ከንጋቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ማለት ነው። የቀሩት ስድስቱ የሌሊት ሰዓቶች ግን ክፍት ናቸው፤ የሞት ዜና የሚመጣውም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ የእድሩ መዝገብ ያለበት ኮምፒዩተር ሌሊት በርቶ ማደር የለበትም። ማታ ስትዘጉት አፕዴት ኤንድ ሸት ዳውን የሚል ምርጫ ከመጣ ጊዜ ካላችሁ እርሱን ምረጡ፤ ከቸኮላችሁ ሸት ዳውን ብቻ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ አለ። የልቅሶ ሳምንት ከሆነ ደግሞ ፖዝ በሚለው ለአንድ ሳምንት ማስቆም ይቻላል፤ ከአምስት ሳምንት በላይ ግን አይፈቅድም፤ እኔም አልፈቅድም።

የመብራት ነገር የታወቀ ነው። ባትሪው በማይሠራ ላፕቶፕ ወይም በዴስክቶፕ ላይ መብራት በሚሄድባት ሰዓት አፕዴት አይጀመርም። መሐል ላይ ቢቋረጥ ሲመለስ አትደናገጡ፤ «የተደረገውን እየመለስሁ ነው» የሚል ጽሑፍ ካሳየ ሳትነኩት ጠብቁት፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተናዶ ገመዱን የሚነቅል ሰው ነው ጥፋቱን የሚያመጣው።

ቀኑንም ተመልከቱ። አሮጌ ዴስክቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን የሚረሳ ከሆነ ውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪ ስላለቀች ነው፤ የብዙዎቹ ሲአር 2032 ትባላለች። ቀኑ ከተዛባ ድረ ገጾች «አላምንህም» ብለው አይከፈቱም፤ አፕዴቱም ሊሰናከል ይችላል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብላችሁ ብትሞሉለትም ያው ነው፤ ለእርሱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነው። የሰዓት ክልሉን ስትመርጡ የአዲስ አበባን ስም በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ካጣችሁት ናይሮቢ የሚለውን ያዙ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ሌላው የሐሰት አፕዴት ነው። ፊልም ወይም ዜና ስታዩ ድንገት «ኮምፒዩተርህ ታሞአል፣ ይህን ተጭነህ አፕዴት አድርግ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ቢመጣ አትንኩት፤ ገጹን ዝጉ። የዊንዶውስ አፕዴት የሚገኘው ቀደም ብዬ በነገርኋችሁ በሴቲንግስ ውስጥ ነው። በስልክ ደውሎ «ከማይክሮሶፍት ነኝ» የሚላችሁንም ስልኩን ዝጉበት።

ዊንዶውስ 10 ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። የነጻው ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሞአል። ለተመዘገበ ሰው ብቻ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆን የአንድ ዓመት መጠገኛ ተፈቅዶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ይሠራል፣ ይበራል፤ ሰርኩላር ግን አይመጣለትም። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ያስፈልጋል። አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ይህ የላቸውም። ሊኑክስ የሚባለው በነጻ ስለሚገኝ ጠጋኙን መጠየቅ ይቻላል፤ የልጆች ትምህርት ብቻ የሚታይበት ከሆነ ይበቃል። የትኛው እንዳላችሁ ካላወቃችሁ የመስኮቱን ቁልፍ ከአር ፊደል ጋር ተጭናችሁ ዊንቨር ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ይነግራችኋል።

በመጨረሻ ለኮሚቴው የማቀርበው ሐሳብ አለኝ። ቀድሞ ደረሰኝ ስንጽፍ ከሥሩ ካርቦን እናደርግ ነበር፤ ዋናው ቢጠፋ ቀሪው ይገኛል። ለመዝገባችንም ይኸው ይደረግ። ሁለት ፍላሽ ይገዛ፤ አንዱ በጸሐፊው፣ ሌላው በገንዘብ ያዡ ቤት ይቀመጥ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ተሰክቶ የሚያድር ፍላሽ ግን ቀሪ አይባልም፤ ቆላፊው ቫይረስ ሲገባ እርሱንም አብሮ ይቆልፈዋልና። የወር መዋጮ ተሰብስቦ ሲያልቅ ይገለበጥ፣ ተነቅሎም ይቀመጥ። ከዚህም ጋር የአባላቱ ስምና የተከፈለበት ወር በወረቀት ታትሞ በጸሐፊው እጅ ይኑር፤ መብራት በሌለበት ሌሊት በሻማ የሚነበበው እርሱ ነው። የፍላሹን ዋጋ ጠይቄ ለገንዘብ ያዡ ሰጥቻለሁ፤ ጉባኤው ከፈቀደ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጸሐፊው ጋር ሆነን የመጀመሪያውን ግልባጭ እናወጣለን።