የአካላችን በሮችና ቁልፎቻቸው

(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ሐረርን የሚያውቅ ሰው የጀጎልን አምስት ጥንታዊ በሮች ያውቃል። በስተሰሜን ያለው ፈላና በር ሲሆን ሐረሪዎች አሱም በሪ ይሉታል። በአሚሮቹ ዘመን እነዚህ በሮች ማታ ይዘጋሉ፣ ጧት ይከፈታሉ። ነጋዴው እህሉን ጭኖ ፈላና በር ድረስ ቢመጣም በሩ ካልተከፈተለት እህሉ ውጪ ተከምሮ ይቀራል፤ የከተማው ሰው ደግሞ ውስጥ ሆኖ ይራባል። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) በራሳችን አፈጣጠር ውስጥ ያለውን ተአምር እንድናስተውል በቁርኣኑ ያሳስበናል። ከእነዚህ ተአምራት አንዱ እጢዎቻችን ናቸው። እጢዎች ሆርሞን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ሆርሞን መልእክተኛ ነው። በደም ተሳፍሮ መላ አካልን ያዳርሳል፤ ሆኖም የሚሰማው እርሱን የሚቀበል በር ያለው ሴል ብቻ ነው። ከአንጎል ሥር ባቄላ የምታክል ፒቱታሪ የተባለች እጢ አለች፤ ብዙዎቹን እጢዎች የምታዘው እርሷ ናት። በአንገት ፊት ለፊት ታይሮይድ፣ ከኩላሊት አናት ላይ አድሬናል፣ ከጨጓራ በስተጀርባ ደግሞ ቆሽት ይገኛሉ።

እጢዎች የሚሠሩት በሚዛን ነው። ታይሮይድን እንመልከት። ሆርሞኑ አካላችን ምግብን ወደ ሙቀትና ጉልበት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል። በደም ውስጥ ሲያንስ ፒቱታሪ «ጨምር» ብላ ታዛለች፤ ሲበቃ ትእዛዙን ትቀንሳለች። ታይሮይድ ግን ሆርሞኑን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልገዋል። አዮዲን ከሌለ ትእዛዙ ሳያቋርጥ ይመጣል፤ ጥሬ ዕቃው ግን የለም። እጢው ይለፋል፣ ይለፋል፣ በመጨረሻም ያብጣል። እንቅርት የምንለው ይህንን ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው አባባላችን በሽታው በሀገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደነበር ይመሰክራል። የከፋው ጉዳት ግን በአንገት ላይ የሚታየው አይደለም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን በብርቱ ካጠራት የፅንሱ አእምሮ በሚገባ ሳያድግ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው ጨው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከዚያ በኩል ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ተቋረጠ፤ ሀገራችንም ፊቷን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞረች። በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2016 ግን ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ ብሏል። አልሐምዱ ሊላህ፤ የቀረው የእኛ የቤት ሥራ ነው። አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

አሁን ወደ በሩ ምሳሌ ልመለስ። የበላነው እንጀራ በሆዳችን ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ የጡንቻንና የስብን ሴሎች በር የሚያስከፍተው ቁልፍ ኢንሱሊን ነው፤ የሚያመነጨውም ቆሽት ነው። ቁልፉ ከጠፋ ወይም በሩ ለቁልፉ እንቢ ካለ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሴሎቹ ግን ይራባሉ። የስኳር በሽታ ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኢንሱሊን በካናዳ ቶሮንቶ እስኪገኝ ድረስ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጅ ከሞት የሚያተርፈው አልነበረም። በጃንዋሪ 1922 መድኃኒቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ፤ በአላህም ፈቃድ ዳነበት።

ጤነኛ ሰው ሲጾም ምን ይሆናል? ኢንሱሊኑ ይቀንሳል፤ ግሉካጎን የተባለው ሌላው የቆሽት ሆርሞን ደግሞ ይጨምራል፤ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ እስከ መግሪብ ሚዛኑ አይዛባም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጥ ሰው ግን እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱ ሰውየው መጾሙን አያውቅም፤ ሥራውን ይቀጥላል።

ፈላና በር አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት እንበል። ስኳር አለባቸው፤ ለልጆቻቸው ግን አልተናገሩም። ሰው ሁሉ ጾሞ እኔ ልብላ? ብለው አፍረው ይጾማሉ። ሌሊቱን ጫት ይዘው ስላመሹ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፍቶ ሱሑርም አልበሉም፤ መድኃኒታቸውን ግን ወስደዋል። ከዙህር በኋላ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይምታታል። ቤተሰቡ «ጾሙ ከብዷቸው ነው፣ ይተኙ» ይላል። ውድ አድማጮች፣ ይህ እንቅልፍ መነሻ ላይኖረው ይችላል! ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወዲያውኑ አጠጧቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ቤት አፋጥኗቸው።

እኚህን አባት «ኃጢአት ሠሩ» የሚላቸው ማነው? ለበሽተኛ ጾምን መፍታት የፈቀደው በሱረቱል በቀራ ራሱ አላህ ነው። የሚድን ሰው ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ የሌለው በሽታ ያለበት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። ፈቃዱ ከአላህ ዘንድ የመጣ እዝነት ነው፤ የሚታፈርበት አይደለም።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ረመዷን ሊገባ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ሐኪማችሁን አማክሩ። መጾም የሚችል አለ፣ የማይችልም አለ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓትም ሊለወጥ ይገባል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት። ጣትን ወግቶ ደም መለካት ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለሞች ገልጸዋል። ልኬቱ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ በሐኪሞች ምክር መሠረት ያን ቀን ጾሙን ፍቱ። ሱሑርን አትዝለሉ፤ በሱናውም የተወደደ ነው። ስታፈጥሩም በሐላዋና በጣፋጭ መጠጥ ላይ አትበርቱ።

የአካላችን በሮች አማና ናቸው። ባለቤታቸው አላህ ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን። ጠባቂ ደግሞ ቁልፉ ሲጠፋበት ዝም አይልም፣ ይናገራል። እናንተም ዛሬ ማታ ለቤተሰባችሁ ንገሩ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለጤነኞቹ ሹክሩን ይስጠን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።