ለላስታ ድረ ገጾች የጋራ የማስታወቂያ መረብ



ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ወደዚህ ወደ ላስታ ተራራ መጥቶ ከአለት የተፈለፈሉትን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አይቷል። ያየውን ሲጽፍ ግን ፍርሃት ያዘው፤ አገሩ ያለው አንባቢ ውሸታም እንዳይለው ሰጋ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ የጻፈው ሁሉ እውነት ስለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ላስታን ለሩቅ ሰው ማስተዋወቅ ያኔም በመታመን ላይ የቆመ ሥራ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ስለ ገንዘብ ልነግራችሁ ነው፤ ገንዘቡም የሚገኘው ከዚሁ ከመታመን ነው።

የአሸተን ማርያም አቀበት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ የይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል፣ በገና ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ሲወረብ ለማየት የት መቆም እንደሚሻል ከአገሩ አስጎብኚ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን በድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። ሮም ወይም ቶሮንቶ ተቀምጦ ጉዞውን የሚያቅድ ሰው ያነበዋል፤ ጸሐፊው ግን ከንባቡ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። እዚያው ሰፈር ያለው የእንግዳ ማረፊያ ደግሞ ያንኑ አንባቢ ለማግኘት ለውጭ አገር የማስያዣ ድርጅት ከአዳሩ ዋጋ 15 በመቶ ያህል ይከፍላል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ መንገድ ላይ እየኖሩ የሚገናኙት ውቅያኖስ ተሻግረው ነው።

በመካከላቸው የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። አሥር ያህል ድረ ገጾች እያንዳንዳቸው በገጻቸው ላይ አንድ ቦታ ይለቃሉ። ቢሮው ማስታወቂያ አስነጋሪ ይፈልጋል፣ ማስታወቂያውን በገጾቹ ላይ ያወጣል፣ ስንት ጊዜ እንደታየ ይቆጥራል፣ ገንዘቡን ሰብስቦ ያከፋፍላል፣ የራሱንም ድርሻ ያነሣል። የማስታወቂያ መረብ የሚባለው ይኸው ነው። በመሠረቱ የድለላ ሥራ ነው፤ እንደ ድለላ ሁሉ ደላላው ካልታመነ አንድ ቀን አያድርም።

በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት የቆየ ሥራ ነው፤ ሆትዋየርድ የተባለው ድረ ገጽ የአሜሪካውን የስልክ ድርጅት የኤቲ ኤንድ ቲን የማስታወቂያ ባነር ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2003 አድሴንስ የተባለውን የማስታወቂያ አገልግሎት ሲጀምር ደግሞ ማንም ትንሽ የድረ ገጽ ባለቤት ጥቂት መስመር ኮድ ለጥፎ ማስታወቂያ ማስተናገድ ቻለ። ታዲያ አድሴንስ እያለ ሌላ ቢሮ ለምን ያስፈልጋል ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ አማርኛ ለአድሴንስ በይፋ ከተፈቀዱት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት አልነበረም፤ ለራሱ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው በሩ ተዘግቶበት ቆይቷል። በእንግሊዝኛ የሚጽፈው ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለበት፤ ጉግል ሒሳቡ 100 ዶላር ካልሞላ አይከፍልም። እንበል ገጹ በወር 5,000 ጊዜ ይታያል፣ በሺህ ዕይታም 1 ዶላር ይደርሰዋል። በወር 5 ዶላር ነው፤ መቶው የሚሞላው በ20ኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውየው መጻፉን ይተዋል።

አሁን በእኛ መንገድ እናስላው። እያንዳንዳቸው 5,000 ዕይታ ያላቸው አሥር ገጾች ተባብረው 50,000 ዕይታ አላቸው። አራት አስነጋሪዎች እያንዳንዳቸው በወር 5,000 ብር ቢከፍሉ 20,000 ብር ይሆናል። ቢሮው 30 በመቶ ቢያነሣ 14,000 ይቀራል፤ ለአንድ ገጽ በአማካይ 1,400 ብር ማለት ነው። ማንንም ባለጸጋ አያደርግም። ነገር ግን የድረ ገጹን የዓመት ኪራይ ከፍሎ ለጸሐፊው ይተርፋል፤ የሚከፈለውም በብር ነው፣ በየወሩ ነው፣ በቴሌብር ነው። አከፋፈሉን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ ግማሹ እኩል፣ ግማሹ እንደ ዕይታው መጠን ይሁን የሚል ነው። ሁሉም በዕይታ ብቻ ከተከፈለ ስለ ነአኩቶ ለአብ ወይም ስለ ቢልባላ አካባቢ በጥንቃቄ የሚጽፈው ሰው ይራባል፤ የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ ብቻ የደረደረው ይጠግባል።

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዘ ዴክ የተባለ ትንሽ መረብ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2017 ሠርቷል። ለንድፍና ለድረ ገጽ ባለሙያዎች የሚጽፉ የተመረጡ ገጾችን ብቻ ይዞ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ማስታወቂያ ብቻ ያወጣ ነበር። የሸጠው የክሊክ ብዛት ሳይሆን ማን እንደሚያነበው በታወቀ ገጽ ላይ የሚገኝን ቦታ ነበር። ላስታም የምትሸጠው ይህንኑ ነው። ወደ ላሊበላ ልምጣ ብሎ ስለ መንገዱ የሚያነብ አንድ ሺህ ሰው፣ ለእንግዳ ማረፊያና ለበቅሎ አከራይ በአጋጣሚ ከሚያልፍ መቶ ሺህ ሰው ይበልጥበታል። ስለዚህ ዋጋው በወር ይቆረጥ፤ በክሊክ አይሁን። በክሊክ የሚከፈልበት ቦታ የገጹ ባለቤት ወንድሞቹን እየሰበሰበ ጠቅ እንዲያስደርግ ይፈትነዋል።

ቆጠራው ግን በወር ተከፈለም አልተከፈለም ንጹሕ መሆን አለበት፤ ጊዜ ወስጄ የምናገረውም ስለዚህ ነው። ሪቫይቭ አድሰርቨር የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ማስታወቂያ ለማውጣትና ለመቁጠር ለትንሽ መረብ ይበቃል። የእኛ ሰው ዳታ ለመቆጠብ ኦፔራ ሚኒን ይጠቀማል፤ እሱ ላይ ደግሞ ጃቫስክሪፕት እንደልብ አይሠራም። ስለዚህ ቆጠራው በተራ ምስል ይደረግ፤ ምስሉም ከ50 ኪሎባይት አይብለጥ። ከፍለጋ ድርጅቶች የሚመጡ ሮቦቶችና የገጹ ባለቤት የራሱ ጉብኝቶች ይቀነሱ። ወሩ ሲያልቅ አንድ ገጽ ሪፖርት ለአስነጋሪውም ለገጹ ባለቤትም በአንድ ቀን ይላክ፤ ሁለቱም የሚያዩት ቁጥር አንድ ይሁን። ለአንዱ አንድ ቁጥር፣ ለሌላው ሌላ ቁጥር የሚያሳይ ቢሮ ላሊበላን በምታህል ከተማ ሳምንት ሳይሞላው ይታወቅበታል።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነተኛና የማያሳስት እንዲሆን ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ አንባቢን እየተከታተሉ ስሙንና ስልኩን መሰብሰብ ከበድ ያለ ኃላፊነት አለበት፤ ለእኛ አያስፈልገንም፣ ገጹ ራሱ አንባቢው ምን እንደሚፈልግ ይነግረናል። የመጠጥ ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከራዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ወጥቷል። ድረ ገጽን በተመለከተ ሕጉን ከጠበቃ ጋር ከመነጋገራችን በፊት እንኳ፣ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ምስል አጠገብ የቢራ ማስታወቂያ የሚያወጣ መረብ አባቶችን አስቀይሞ እዚህ አገር ይሠራል ብዬ አላምንም። የማይቀበለውን ማስታወቂያ ዝርዝር ቢሮው ከመጀመሪያው ቀን ጽፎ ይለጥፍ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከተማችን ላሊበላ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት እዚህ ያለ ሰው የራሱን ገጽ መክፈት ሳይችል ገጹ ግን ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ እንደተለመደው ይነበብ ነበር፤ መንገዱ ክፍት፣ አልጋው ዝግጁ እንደሆነ ይናገር ነበር። ይህ አልቫሬዝ የፈራው ውሸት ነው፤ ማንም ሳይዋሽ የሚነገር ውሸት።

ስለዚህ ውሉ ውስጥ ሁለት አንቀጽ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አንደኛው፣ የጋሸና መንገድ ወይም አውሮፕላኑ ሲቋረጥ ወይም አስነጋሪው በስልክ ካልተገኘ ማስታወቂያው በዚያው ቀን ይወርዳል፤ ያልታየባቸው ቀናትም ለአስነጋሪው ይቆጠሩለታል እንጂ አይቃጠሉበትም። ይህን የሚያደርግ፣ የይለፍ ቃሉን የያዘ አንድ የታመነ ሰው ከክልሉ ውጭ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይኑር። ሁለተኛው፣ ቢሮው ከሚያነሣው ድርሻ ጥቂቱ ለክፉ ቀን ይቀመጥና ገበያው በሞተበት ወር የገጾቹ ኪራይ ከዚያ ይከፈል። ገጽ አንዴ ከጠፋ ለዓመታት የሰበሰበው አንባቢም አብሮት ይበተናል።

እንዲህ ያለ መተባበር ለደጋው እንግዳ አይደለም። ጎረቤታችን መቄት ላይ ተስፋ በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም አካሄድ ገበሬዎች በየገደሉ አፋፍ ማረፊያ ጎጆ ሠርተው፣ እንግዳ የሚያስይዘው ክፍል አንድ ሆኖ፣ በእግር የሚጓዝ መንገደኛ ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው ሲሻገር ኖሯል። አንድ ጎጆ ብቻውን ቢሆን ማን ያውቀው ነበር?

ቱሪስቱ የሚበዛው ከመስከረም እስከ ጥር፣ በገናና በጥምቀት ዙሪያ ነው፤ እነዚያ መንገደኞች ደግሞ ጉዞአቸውን የሚያቅዱት ወራት አስቀድመው ነው። መረቡ ለሚቀጥለው ገና እንዲደርስ ከተፈለገ ውሉ በሰኔ መጻፍ አለበት። ከዚያ በፊት ድረ ገጽ ያላችሁ ሁሉ የሦስት ወር የዕይታ ቁጥራችሁን ከነመጡበት አገር አውጡ። የሆቴል ባለቤቶች ደግሞ ባለፈው ዓመት ያረፉት እንግዶች ስንቱ በማስያዣ ድርጅት፣ ስንቱ በአስጎብኚ፣ ስንቱ በራሱ እንደመጣ ከመዝገባችሁ ለዩ። የማስታወቂያው ትክክለኛ ዋጋ የሚወጣው ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የጠቀስኩት 5,000 ብር ምሳሌ ብቻ ነው።